የጓድ አብተው ስክሪን ሲከፈት

ተሻለች ከሥራ የተባረረች ዕለት ዘርፉ አላለቀሰችም። ያለቀሱት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሽንኩርት ሲራገፍም ያለቅሳሉ። ዘርፉ ጥርሷን ነክሳ የተሻለችን ባዶ ወንበር ስታይ ቆየችና «ቆይ ብቻ አብተው! ይቺን በነፃ የበላሃት መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል» አለች። ያለችው ግን በሆዷ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር በዚያ ዘመን ለጤና አይበጅም ነበር።

የሚሠሩት ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት አትክልት ማከፋፈያ ነው። የመቂ ሽንኩርት፣ የዝዋይ ቲማቲም፣ የአዋሽ ፓፓያ በዚያ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል። ይህንን ሁሉ እንዲቆጥር ከምሥራቅ ጀርመን ኮምፒውተር መጣ። ማሽኑ ራሱ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ሰው ሁሉ በላብ እየተጠመቀ እሱ በቬንቲሌተር ይቀዘቅዛል። ከሱ በሽቦ የተያያዙ ቴርሚናሎች አሉ፤ ቴሌቪዥን መሳይ ጥቁር መስኮትና ኪቦርድ ናቸው፣ የተጻፈው በአረንጓዴ ይወጣል። አንዱ በማከፋፈያው ኃላፊ በጓድ አብተው ቢሮ ውስጥ ነው። የቀሩት ሦስቱ ዘርፉ፣ ተሻለችና እትዬ ጥሩነሽ ቁጥር በሚያስገቡበት ክፍል ናቸው።

ዘርፉ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ጠዋት ጠዋት ማሽኑን የምታስነሳው እሷ ናት። ማሽኑ ሲነሳ አንድ የትእዛዝ ፋይል ያነባል፤ ማን መግባት እንደሚችል፣ የማን ስክሪን ለማን እንደሚታይ እዚያ ላይ መስመር በመስመር ተጽፏል። ይህ «ለማን እንደሚታይ» የሚባለው ነገር ለደግ ነበር የመጣው። አንዷ ስትሳሳት ከማሽኑ ጋር የመጣው ጀርመኑ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ የሷን ስክሪን በራሱ ስክሪን ላይ ያወጣና ያስተካክልላታል። ያን ጊዜ የሷ ቴርሚናል ጢጥ ይልና «እየታየሽ ነው» የሚል መስመር ከላይ ያወጣል። ጀርመኑ አገሩ ሲገባ አብተው ወንበሩንም ትእዛዙንም ወረሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘርፉን ጠርቶ «ይቺ ጢጥታ ሥራ ታውካለች፣ አጥፊያት» አላት። ጠፋች። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ መቼ እንደሚታዩ አያውቁም። የሱ ስክሪን ግን ለማንም ዝግ ነው።

ተሻለችን የበላት ይኸው ነው። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ለዘርፉ በስክሪን «የቅዳሜው ስብሰባ እስኪያልቅ ሳላገባ አረጃለሁ» ብላ ጻፈችላት። ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ አለ፤ ሠራተኛው አንድ ባንድ እየተነሣ ጥፋቱን ይናገራል። በዚያ ድርጅት ደግሞ የሁሉንም ግለ ሂስ የሚጽፈው አብተው ነው፣ «ሠራተኛው ራሱን ሲሂስ እንዳይሳሳት» እያለ። ዓርብ ከሰዓት ቢሮውን ዘግቶ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ቅዳሜ ያድላል። በዚያ ቅዳሜ ተሻለች የታደላትን ይዛ ተነሣች፤ «እኔ ተሻለች፣ የአብዮቱን መድረክ በጠላት አፍ ያንቋሸሽኩ» ብላ አነበበች። ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። እሱ ከመድረኩ «ከመጀመሪያው ድገሚው» አላት። ሰኞ ሻንጣዋን ይዛ ሞጆ፣ አጎቷ ሻይ ቤት ገባች።

ዘርፉ አልተቻኮለችም። ቂም ቶሎ ከወጣ ጥሬ ይሆናል ብላ አሳደረችው።

የቲማቲሙ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ይጎበኛል ተባለ። አብተው ግቢው ሞልቶ እንዲታይ ፈልጎ የቲማቲም መኪናዎቹ እንዳይራገፉ አዘዘ። የመጋዘኑ ፈይሳ «ጓድ፣ ይሄ ቲማቲም ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም» ብሎ በሹፌሮቹ ፊት ለመነው። ወይ ፍንክች! ጉብኝቱ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዛወረ። በናዝሬት ፀሐይ ቲማቲሙ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ሄደ ማለት ይቻላል፤ ቀይ ውሃ ሆኖ በበሩ ሥር ወጣ፣ የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ሠርግ ተጠራ። እንግዳው ሊመጣ ነው፣ ጥፋተኛ የለም። ማን እንደሚቀርብ ባይታወቅም ቅዳሜ አንድ ሰው እንደሚበላ ሁሉም አውቆታል።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ዘርፉ ማሽን ክፍል ገብታ የትእዛዙን ፋይል አወጣች። «ቴርሚናል አንድ፣ ዝግ» የሚለውን የአብተውን መስመር «ክፍት» አለችው። ከሥሩ «ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ይታይ» ብላ ጨመረች። ከዚያ አሰበችና «ማየት ብቻ፣ መንካት የለም» የሚለውንም ጻፈች፤ የእትዬ ጥሩነሽ ጣት ኪቦርድ ላይ ካረፈች አብተው ከየት እንደመጣች የማያውቃት አንዲት ፊደል ስክሪኑ ላይ ዱብ ትልበታለች። ፋይሉ የሚነበበው ማሽኑ ሲነሳ ብቻ ስለሆነ በሩን ከፍታ ጮኸች።

«ጓድ አብተው! ማሽኑ ሞቋል፣ አንዴ ላጥፋና ላስነሳው?»

«ቶሎ በይ እንጂ! ሥራ አለብኝ!»

«እሱማ አለብዎት» አለች በሩን ስትዘጋ።

ማሽኑ ጠፋ፣ ተነሣ። ዘርፉ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ሦስቱም ስክሪኖች ላይ የአብተው ጽሑፍ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን ገፉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጓድ አብተው ናቸው፣ ሲጽፉ።»

«በስማም! ዝጊው! ታስፈጂናለሽ!»

«አያውቁም እትዬ። ጢጥ የምትለዋን ራሳቸው ናቸው ያስጠፏት።»

ዘበኛውን ጋሽ ጆቴንና ፈይሳን ጠራቻቸው። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው የሚጻፈው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ዘርፉ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ አብተው በሚጽፍበት ፍጥነት፣ ቃል በቃል።

«‹እኔ... ዘበኛ... ጆቴ...›»

«ያ ዋቃ! እኔን ነው!» ጋሽ ጆቴ ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«‹በጥበቃ ላይ... ተኝቼ በመገኘቴ... ቲማቲሙ በስብሷል።›» ፊደሎቹ ቆም አሉ። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት አንድ ባንድ መጥፋት ጀመሩ።

«ምነው አጠፋው? ደህና ጀምሮልኝ ነበር እኮ!»

«ዘበኛ ነቅቶ ቢያድርስ ቲማቲም ይድናል እንዴ? እሱም አላዋጣውም» አለ ፈይሳ።

«እስቲ ዝም በሉ። ‹እኔ ፈይሳ... መጋዘኑን ባለማናፈሴ...›» እሱም ጠፋ።

«ሹፌሮቹ ሰምተውኛላ! ምስክር አለኝ!» ፈይሳ ጭኑን መታ።

«‹እኔ ጥሩነሽ... ቁጥር በማሳሳት...›» ይሄኛው ገና ሳያልቅ ጠፋ። የእትዬ ጥሩነሽ ባል የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው።

«ይኸውላችሁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌን ስረግም» አሉ እትዬ ጥሩነሽ እያማተቡ፣ «ለካ እንዲህም ይጠቅማል!»

ሳቁ። ዘርፉም ሳቀች፤ ይህንን ቀን ነበር የፈለገችው፣ ኃጢአት እንዴት እንደሚሰፋላቸው ሁሉም በዓይኑ እንዲያይ። ሳቁ ሳያልቅ ስክሪኑ ላይ የሚቀጥለው ስም ወጣ። ዘርፉ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ምን አለ? አንብቢ እንጂ» አሉ ጋሽ ጆቴ።

«‹እኔ ዘርፉ...›»

ጠበቁ። አልጠፋም። እንዲያውም ፈጠነ።

«‹ከተባረረችው ተሻለች ጋር በመመሳጠር... የቲማቲሙን መኪናዎች ሆን ብዬ ከኮምፒውተሩ ደብቄ... የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽሜአለሁ። ለሚወሰድብኝ... አብዮታዊ እርምጃ... ዝግጁ ነኝ።›»

አሻጥር ከሥራ በመባረር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከዚያ ቃል ጋር ሄደው ያልተመለሱ ሰዎችን ሁሉም በስም ያውቃቸዋል። ከወዲያኛው ክፍል የማተሚያው ድምፅ መጣ፤ ዚዝ፣ ዚዝ።

እትዬ ጥሩነሽ ማልቀስ ጀመሩ። «ሂጂ እግሩ ላይ ውደቂ፣ ልጄ። እኛም አብረን እንለምንልሽ።»

«እኔ? እሱ እግር ላይ?» ፊቷ እንደዚያ ቲማቲም ቀልቷል፤ እንባ ግን የለበትም። «አልወድቅም! ባይሆን ከጣለኝ ይዤው እወድቃለሁ። ጋሽ ጆቴ፣ ቅድም ለእርስዎ የጻፈውን ያስታውሱታል?»

«ተኝቼ በመገኘቴ ነዋ። እንዴት እረሳዋለሁ? ስድብ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ያጠፋውን እናንሳለት። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን።»

ፈይሳ ትክ ብሎ አያትና ሳቁ ከሆዱ ገነፈለ። «አንቺ ልጅ፣ ሰይጣን ነው ያሳደገሽ።»

«ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብቻ» አለች።

ቅዳሜ እንግዳው መጣ፤ ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ የማይስቅ ሰው። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ግቢውን አቋርጦ ወደ ምግብ አዳራሹ ገባ። አብተው ወረቀቶቹን አደለ፤ ለዘርፉ ሲሰጣት ዓይኗን አላየም። መፈክሩ ተብሎ ካበቃ በኋላ ጋሽ ጆቴ ተጠሩ። የታደላቸውን ወረቀት፣ አርፍዶ ስለመምጣት የሚለውን፣ አጥፈው ካፖርት ኪሳቸው ከተቱት።

«እኔ ዘበኛ ጆቴ፣ በጥበቃ ላይ ተኝቼ በመገኘቴ ቲማቲሙ በስብሷል።»

አብተው ቀና አለ። ፈይሳ ሳይጠራ ተነሣ።

«እኔ ፈይሳ፣ መጋዘኑን ባለማናፈሴ ቲማቲሙ በስብሷል።»

«አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ! ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚነበበው!» አለ አብተው።

«እኔ ጥሩነሽ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ተነሥተው፣ «ቁጥር በማሳሳት...» ቀሪውን አያውቁትም፤ እዚያ ላይ ነው የጠፋው። «...ይኸው ነው» ብለው ተቀመጡ።

እንግዳው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድን ቲማቲም ለማበስበስ ስንት ሰው ነው የሚያስፈልገው እዚህ አገር?»

ዘርፉ ተነሣች። የሷን ከወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ ተሻለችንም አሻጥሩንም ጨምራ እስከ «ዝግጁ ነኝ» አነበበችው፤ ድምፅዋ የትም አልተቆረጠም። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ይሄ አራተኛው ነው፣ ጓድ። ሦስቱን ጓድ አብተው ትናንት ጀምረው አጥፍተዋቸው ነበር። ልፋታቸው እንዳይባክን ብለን ነው።»

«ማጥፋቱን ከየት አወቃችሁ?» አለ እንግዳው።

«ሲጽፉ አየናቸው። የኛን ስክሪን ከቢሯቸው የሚያዩበት ትእዛዝ አለ። ሠራተኛ የሚደብቀው ነገር መኖር የለበትም ይሉናል። የሳቸው ብቻ ተዘግቶ ስለነበር ከፈትኩት።»

«ስለላ ነው!» አብተው ከወንበሩ ዘለለ። «ጓድ፣ ይቺን ልጅ አሁኑኑ—»

«እርስዎ ሲያዩዋቸው ስሙ ምንድን ነበር?» አለ እንግዳው። መልስ አልጠበቀም። ወደ ሠራተኛው ዞረ። «መኪናዎቹ እንዳይራገፉ ያዘዘው ማን ነው?»

ከኋላ ፈይሳ ተነሣ። «ጓድ አብተው ናቸው፤ ሹፌሮቹም ሰምተዋል፣ ጌታዬ። ለእርስዎ ዓይን እንዲሞላ ተብሎ ነው።»

የእንግዳው ፊት ያን ጊዜ ነው የጠቆረው። ለሱ ሲባል የበሰበሰ ቲማቲም ነገ በሱ ስም እንደሚወራ ገብቶታል። «ጓድ አብተው፣ የራስዎን ግለ ሂስ ያንብቡ።»

«የኔን... አልጻፍኩም።»

«በቃል ይሆናላ።»

አብተው ቆመ። «እኔ አብተው... ሠራተኞቼ...» አለ። ቀኝ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ታ፣ ታ፣ ታ ትላለች፤ የተናገረውን ማጥፊያ ቁልፍ የምትፈልግ ይመስላል። በአፍ የወጣ ግን አይጠፋም።

«ስለ ሠራተኛ አልጠየቅንም» አለ እንግዳው።

ላቡ ኮሌታው ውስጥ ገባ። «መኪናዎቹ... ይቆዩ ያልኩት... እኔ ነኝ።»

ዘርፉ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣት አንገቷን አስግጋ አየችው። አላዘነችለትም። አዝናለት እንደሆነ በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ሲጠይቋት «ለማን?» አለች።

አብተውን በእንግዳው መኪና ይዘውት ሄዱ። ሳምንቱ ሳያልቅ አቦምሳ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እንደተመደበ ተሰማ፤ ለሱ የበዛለት ዕድል ነው። የዘርፉ ወረቀትም እንግዳው እጅ ላይ ተቀደደ። ስለ ስክሪኑ መከፈት ማንም ዳግመኛ አልጠየቃትም፤ ጉዳዩን ማንሳት ቲማቲሙን ማንሳት ሆነባቸው።

ሰኞ ዘርፉ ሞጆ ደወለች። ተሻለች በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች፣ ጋሽ ጆቴ «አካም ጂርታ፣ ተሹ!» ብለው በሩን ከፈቱላት። ሁለቱ ማሽን ክፍል ገቡ። ዘርፉ ኪቦርዱ ላይ የአብተውን ስም ከተጠቃሚዎች የሚፍቀውን ትእዛዝ ጻፈች። ማሽኑ በራሱ ቋንቋ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከጥያቄው አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«‹አዎ› የምትለዋን ቁልፍ ተጫኛት» አለች ዘርፉ።

ተሻለች ጣቷን ዘረጋችና መለሰችው። «ቆይ እስቲ። ይጠብቅ። መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ።»

ወጥተው በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት በፓስቲ ጠጡ፣ ደግመው አዘዙ፣ ስለ አጎቷ ሚስት አፍ ረዘም ላለ ጊዜ አወሩ። ሲመለሱ የአብተው ስም እዚያው ነው፣ ነጥቧም እዚያው ናት። ተሻለች የፓስቲ ቅባት ያለባትን ትንሿን ጣቷን አነሳችና ቁልፏን ቀስ አድርጋ ተጫነቻት።