ለድመት የተቀደደ በር

ንፍሮው የዞረው በድመቷ እንቅብ ነበር።

ከቀብር የተመለሰው ሰው ፍራሽ ለፍራሽ ተደርድሮ እየዘገነ ሲያሳልፍ፣ ወርቅውሃ የእንቅቡን አፍ አየችው። በአዲስ ቃጫ ተጠግኗል። ባሏ ገሠሠ ሊታመም ሰሞን በገዛ እጁ የጠገነው፣ ጭድ ጎዝጉዞ ጥግ ላይ ያስቀመጠው፣ ለምትመጣው ድመት መኝታ ያዘጋጀው እንቅብ ነው። የጎረቤት ሴቶች ጭዱን ደጅ ደፍተው፣ አጥበው፣ ስንዴና ሽምብራ ሞልተውበታል። ምን ያውቃሉ? ልንገራቸው ብትል ከአፏ የሚወጣው እሳት ነውና ተወችው። ቡና ሲያቀርቡላትም በእጇ መለሰችው። ከኀዘኗ ጽናት ነው ተባለ።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንደኛዋ አስረስ የምትባለዋ ናት።

"ለድመት በር ሲቀድ ነው አሉ እጁን የቆረጠው።"

"ለምን?"

"ለድመት ነው የምልሽ። ስታረጂ እንዲህ ነው።"

ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ወርቅውሃ ሰማች።

ገሠሠ ዕድሜውን ሁሉ ከብት አጠገቡ ሳይተነፍስ ተኝቶ አያውቅም። ጥያ አጠገብ በነበረው የሣር ቤታቸው ከምሰሶው ወዲህ ሰው፣ ከምሰሶው ወዲያ ላሞችና ጥጆች ያድሩ ነበር። ባለመሬቱ ግጦሹን ሲያጥርባቸው ከብቶቹ ተሸጡ፤ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ቡታጅራ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየላቸው። ጣራውም በሩም ቆርቆሮ ነው። እዚያ ከገቡ ጀምሮ ሰውዬው እንቅልፍ አጣ።

"ይህ ቤት አይተነፍስም" ይላል ሲነጋ።

"ድመት እንደ ላም ልትተነፍስልህ ነው?" ብላ ተሳለቀችበት፣ ከጎረቤታቸው ከከድጄ ድመት ልጆች አንዷን መጠየቁን የሰማች ቀን።

"ትንሽ ትንሽ ትተነፍሳለች። ለአንድ ሽማግሌ ይበቃል።"

ከዚያ ቤቱን ያሰናዳ ጀመር። ጅራቷ እንዳይነካው ኩራዙን ከመሬት አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ቅቤውን ከጣራው አንጠለጠለ። የአይጥ መርዙን ጓሮ ቆፍሮ ቀበረው። ወርቅውሃ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች፣ ተው ትወድቃለህ፣ ተው ዓይንህን፣ ተው እጅህን ስትለው ይውላል። እሱ መች ይሰማል! በመጨረሻ ድመቷ የምትወጣ የምትገባበትን ቀዳዳ ከበሩ ግርጌ በመሮ ሲበሳ፣ ቆርቆሮው መዳፉን ሰነጠቀው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ነጠላዋን ለበሰች። የባሏ ታናሽ ወንድም ወልደአማኑኤል ግን አንድ እፍኝ የተወቀጠ ቡና ቁስሉ ላይ ጠቀጠቀና በጨርቅ አሰረው። ይኸው መርፌው፣ አለና ሳቀ። ገሠሠም አብሮት ሳቀ። ሰነባብቶ መንጋጋው ተቆለፈ፣ ጀርባው እንደ ደጋን ጎበጠ። ያኔ ተሸክመውት ሮጡ። ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ ቁስሉ ላይ የደረቀውን ቡና አየና ራሱን ነቀነቀ።

በሠልስቱ ቀን ሰው ሳሳ ሲል፣ ወልደአማኑኤል መዶሻና ቁራጭ ሳንቃ ይዞ በሩ ሥር ተንበረከከ።

"እትዬ፣ ይህቺን ነገር ልድፈናት። ወንድሜን የበላች ቀዳዳ አፏን ከፍታ እያየችን እንዴት እንቀመጣለን? ሰውም ይስቃል።"

"ማን ነው የሚስቀው?"

"ሰው ነዋ።"

ሚስማሩን ሳንቃው ላይ አቆመ። ወርቅውሃ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ ድምፅዋንም አላነሣችም።

"የባሌን እጅ በቡና ደፍነኸዋል። ይህቺን አትደፍናትም።"

ንፍሮ የሚያኝከው ጥርስ ሁሉ ቆመ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ... አባታችንም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።"

"እንሂድ ብዬ ነበር። ሁለታችሁም ሳቃችሁብኝ። እሱ ሞቶ አመለጠኝ፤ አንተ ግን አለህልኝ።"

መዶሻውን መሬት ላይ ትቶ ወጣ። በአጥሩ በኩል ጋቢው ውስጥ ሆኖ ሲንሰቀሰቅ ይሰማታል። ሂጂ አባብዪው የሚል ነገር በልቧ ውስጥ ፈለገች፤ አጣች።

ከድጄ የመጣችው እሱ እዚያው አጥሩ ሥር ሳለ ነው። ጆንያ በብብቷ ይዛለች። ድመቷ ወደ እናቷ የምትመለስበት መንገድ እንዳይታወቃት ጆንያ ውስጥ አድርጋ፣ በእንሰቱ ማሳ እያዟዟረች ነው ያመጣቻት።

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" አለች ደፍ ላይ ቆማ። "ለቅሶ ቤት ድመት ይዞ መምጣት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ጡት የተወች ዕለት ሳታሳድሪ አምጪልኝ ብሎ አስምሎኝ ነው። ካልፈለግሻት መልሼ እወስዳታለሁ።"

ወርቅውሃ ወደ አስረስ ዞረች።

"ያንን እንቅብ ባዶ አድርጊልኝ። የድመት ነው።"

አስረስ እጇ ላይ ያለውን ንፍሮ አየች፤ የት እንደምታደርገው ጠፋት። ከድጄ የጆንያውን አፍ ፈታች። አመድማ ድመት ወጥታ በተቀመጠው ሰው እግር መሐል ተሽሎከሎከችና በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ሄደች።

"ያዢያት!" አለች ወርቅውሃ።

ከድጄ ቀለበቻት። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ በአንድ ወገኑ የጠቆረ ደም ደርቆበታል። ይኸው፣ ጠርዙን እንኳ ሳያጥፈው ነው የሄደው። ምን ነገር ጨርሶ ያውቃል! ወርቅውሃ ተንበረከከች። የወልደአማኑኤልን መዶሻ አንስታ ጠርዙን ትቀጠቅጠው ጀመር፤ ለእያንዳንዱ ጥርስ ስድብ አለው፤ ግትር፣ ደንቆሮ፣ አልሰማ ባይ። አጥሩ ጋ ያለው ልቅሶ ቆሟል።

መዶሻውን አስቀመጠች። የነጠላዋን ጥለት በጥርሷ ነክሳ ቀደደችው፤ የታጠፈውን ጠርዝ ዙሪያውን ጠቀለለችበትና ቋጠረችው። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ወዲህ ወዲያ አስኬደችበት።

አልቆረጣትም። ደግማ አስኬደችው።