ዓመቱን የሳተችው ማንኪያ

«ይቺ እንኳን ፎርጅድ ናት» አለ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው፣ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ።

«አትወርውር! አስቀምጠህ አውራ» አለችው እትዬ ማንኪያ።

ይህን ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ገፍታ፣ ሌላው ወርቅ ሲገዛ እሷ በድሮ የዓለም ኤግዚቢሽኖች ለጎብኚ የተሸጡ ማስታወሻዎችን ስትለቅም ኖረች፦ ማንኪያ፣ ሜዳሊያ፣ የቆርቆሮ ትሪ። ኤግዚቢሽኖቹ እሷ ሳትወለድ ተከፍተው ተዘግተዋል። ቢሆንም ያ ሁሉ ሕዝብ አምፖል ሲበራ አይቶ አፉን የከፈተበትን ቀን በእጇ የያዘች ይመስላታል፤ ማን ምን ቢል ግድ የላትም።

አሁን ግን ልጇ አርግዛለች። ቤቱ ያለው ሁለት መኝታ ክፍል ነው፤ በማስታወሻ የተሞላው የእናትየው ክፍል ለሕፃኑ ተፈልጓል። ነጋዴውን ወደዚህ ክፍል የጠራችውም ልጅቱ ናት።

ነጋዴው ስልኩን ጎርጉሮ አሳያቸው። «ማንኪያዋ ላይ ያለው ዓመት ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተበት በአንድ ይቀድማል። አስመስሎ የሠራው ሰው ቁጥር እንኳን አያውቅም።»

«እማዬ፣ ይኼን ነው ስትወለውዪ የኖርሽው?» አለች ልጇ አንገቷን ደፍታ።

«አንቺ ዝም በይ! እኔ በዚህ ጥርሴን ነቅያለሁ። ሕንፃው አልደርስ ብሎ መክፈቻው በዓመት ተራዘመ፤ ማንኪያ ሠሪው ግን ቀድሞ ቀጥቅጦ ጨርሶ ነበር። አስመሳይማ ቢሆን ትክክለኛውን ዓመት ከመጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። እንዲህ የሚሳሳተው በጊዜው የነበረ ሰው ብቻ ነው። እኔስ ቀኑን ትራስ ላይ ከጠለፍኩ በኋላ ስንት ሰርግ ተራዝሞብኛል! ትራሱ ፎርጅድ ነው?»

ነጋዴው ሳቅ አለ። «እሺ ማዘር፣ ለብቻዋ ምንም ባታወጣም ከሌሎቹ ጋር ልውሰድልዎት።»

«ምንም ካላወጣች ለምን ትወስዳታለህ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!»

ነጋዴው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ልጅቱ ቀና ብላ አየችው፤ እናቷን ሊያታልል እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ አፈረችም። «ቢሆንም እማዬ፣ ክፍሉስ?»

እትዬ ማንኪያ ክፍሏን ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ሙሉ ማንኪያ ነው። ሰፊውን ቦታ የያዘው ግን አልጋዋ ነው።

«አሮጌ ዕቃ አይደል የምትገዛው? አልጋዬን ጫን። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ማንኪያዎቼ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም፤ ሕፃኑም እነሱን እያየ ይደግ።»

«አልጋሽን?! ወገብሽስ?»

«ወገቡ የኔ ነው» አለችና አንሶላውን ገፍፋ፣ ፍራሹን በአንድ ጎን አነሳች። «ና ያዝ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!»