ከሰባቱ የትኛዋ ናት?

1.

«እሺ» አለ አባቴ።

የጠየቅሁት ግን እሺ የሚባልበት ነገር አልነበረም። «ከእነዚህ ውስጥ የሰው ዕቃ የትኛዋ ናት?» ነበር ያልኩት።

2.

አባቴ አቶ ወንድይራድ ከጭነት አውሮፕላን ጋር የሚበር መካኒክ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲበር ባልደረቦቹ ከባንኮክና ከካትማንዱ ጫማና ቴሌቪዥን ያመጣሉ፤ እሱ የብር ጌጥና የእንጨት ቡድሃ ይዞ ይገባል። መጀመሪያ የገዛት የቲቤት ሴቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏትን የብር ሣጥን ነው። ውስጧ ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት አለ። «የእናቴን ክታብ መሰለችኝ» አለን። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም።

አንድ ጊዜ እናቴ የብር ጌጦቹን በሎሚና በአመድ ፈትጋ እንደ መስታወት አብለጨለጨቻቸው። አባቴ አራት ቀን አላናገራትም። በአምስተኛው ቀን «ጥቁረታቸው እኮ ዕድሜያቸው ነው፣ አስካለ» አላት።

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም?» አለችው።

3.

የካቲት ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። መጠቆም፣ መጻፍም ሆነ ራሱን መነቅነቅ ተሳነው፤ ከሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ አንድ ብቻ ቀረው።

እሺ።

ውሃ ትፈልጋለህ? እሺ። አሞሃል? እሺ። ስሜ ማን ነው?

እሺ።

(ማሕደር እባላለሁ። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ።)

4.

የስልክ ንግግር፤ ሰኔ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ። በእንግሊዝኛ ነበር፤ የማስታውሰውን ያህል፦

— ሱሚትራ እባላለሁ፤ ከኔፓል ነው የምደውለው። አጎት ወንዲን ማግኘት እችላለሁ?

— ልጁ ነኝ። ታሟል። መናገር አይችልም።

— የእኔ አባት ባለፈው ወር ሞተ።

— ነፍስ ይማር።

— እንጨት ጠራቢ ነበር፤ የአባትሽ ወዳጅ። በ2007ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታችን ሲፈርስ፣ የምንጸልይባትን የእንጨት ቅርጽ፣ የቤታችንን ታራ፣ ለአባትሽ ሰጠው። «ቤቴን መልሼ እስክሠራ አንተ ጋ ትቆይልኝ» አለው። ቤቱ ያለቀው ዘንድሮ ነው። ሊሞት ሲል «ወደ ቤቷ መልሷት» አለን።

— ምን ትመስላለች?

— አላውቅም። በቤታችን ልማድ አባወራው ብቻ ነው የሚያያት። እኛ የምናውቃት ከሩቅ፣ በጨርቅ ላይ ጨርቅ እንደተጠቀለለች ነው፤ መጠኗን እንኳ አናውቅም። ታራ ሴት ቡድሃ ናት፤ ተቀምጣ አንድ እግሯን ወደ ታች ትዘረጋለች። አባትሽ ግን ያውቃታል።

5.

ከአባቴ ዕቃዎች መካከል፣ አንድ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ፣ ከእንጨት የተጠረቡ ሴቶች፦

የመጀመሪያዋ አፍንጫዋ ተሸርፏል። ሁለተኛዋ የወርቅ ቀለም ነበራት፤ አሁን ጉልበቷ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሦስተኛዋ ከመዳፌ አትበልጥም። አራተኛዋ ፈገግ ብላለች። አምስተኛዋና ስድስተኛዋ መንትዮች ናቸው ብትባሉ ታምናላችሁ። ሰባተኛዋን ምስጥ ጀማምሯታል።

ሁሉም ያምራሉ። ይህ ምንም አልጠቀመኝም።

6.

ይህን ስድስተኛ ቁጥር ሳልጽፈው ሁለት ጊዜ ዘልዬ ተመልሻለሁ።

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ አልጋውን ዕቃዎቹ ያሉበት ክፍል አስገባንለት። ዓይኑ ደስ ይበለው ብዬ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበሩትን ቅርጾች ሁሉ ከየጨርቃቸው ፈትቼ መደርደሪያው ላይ አሰለፍኳቸው። ጨርቆቹ አቧራ ጠጥተው ነበር። ሰብስቤ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኳቸው።

ሳወጣቸው አንዱ ጨርቅ ላይ የራሰ ወረቀት ፍርፋሪ ተለጥፎ አገኘሁ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። የሚነበብ አንድ ፊደል ብቻ ተርፏል፦

«የ»

የማን?

7.

መናገር የማይችል አባት የሚጠየቀው እንዲህ ነው።

ሰባቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪ። ጠረጴዛውን ወደ አልጋው አስጠጊ። «አባዬ፣ የሱሚትራ አባት የሰጠህን ስነካ ዓይንህን ጨፍን» በይው። አንድ በአንድ ንኪ። ሰባት ጊዜ እሺ ሲልሽ አትቆጪ። ዘዴ ቀይሪ፤ አንድ በአንድ አንሺና ፊቱን እዪ።

አራተኛዋን ሳነሳት እንባው ወረደ።

«እማዬ! እማዬ፣ አገኘኋት!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። ላሳያት ብዬ አራተኛዋን መለስኩና አምስተኛዋን አነሳሁ።

ለአምስተኛዋም አለቀሰ።

ሐኪሙ በስልክ «እንባው ከሐዘን ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙ በራሱ ያስለቅሳል» አለኝ። ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል።

8.

ለሱሚትራ ደወልኩ።

— ፎቶ ልላክልሽ?

— አትላኪልኝ። ማየት የለብኝም።

— ሰባቱንም ልስጣችሁ።

— ከሰባቱ የትኛዋ ፊት ልንበርከክ? እኛ የራሳችንን ነው የምንፈልገው፣ ማሕደር።

ቆጣ ብላ ነበር። ቆይታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ወንድሟ ቢካሽ ሰላም አስከባሪ ነው፤ ግዳጁን ጨርሶ ሐሙስ በአዲስ አበባ በኩል ወደ አገሩ ያልፋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ለአንድ ሰዓት መውጣት ይችላል።

— ጠቅልለሽ ስጪው። አባትሽ ያሳይሻል፤ አምናለሁ።

9.

«አንዷን ስጫቸው በቃ» አለች እናቴ። «እነሱም አያውቋት፣ አንቺም አታውቂያት።»

«አባዬ ያውቃታል።»

ሁለታችንም ዞረን አየነው። እሱም አየን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ስሟን ይሁን ቁጥሯን፣ አንድ ነገር ከውስጡ እየጎተተ ነበር። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እ... እ...»

«አይዞህ፣ አባዬ። ቀስ ብለህ።»

«እሺ።»

ጠረጴዛውን በግራ እጁ መታው። መንትዮቹ ወደቁ።

10.

ሐሙስ ጠዋት አንዷን በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩ። የትኛዋን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ሱሚትራ አንድ ቀን ይህን አስተርጉማ ታነበው ይሆናል።

ልወጣ ስል አባቴ በግራ እጁ ቀሚሴን ያዘኝ።

«እሷ አይደለችም?»

«እሺ።»

«እሷ ናት?»

«እሺ።»

አልለቀቀኝም። በሕይወቱ ሁሉ እንዲያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም። ደስ ብሎት ይሁን ሊከለክለኝ አላወቅሁም። ሰዓቱ ሄደ። እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችልኝ።

«ሂጂ» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

11.

ቢካሽ ቁመቱ አጭር ነው፤ ሰማያዊ ቆቡን ብብቱ ሥር ይዟል። ጥቅሉን ሲያይ ሻንጣውን ለቀቀ። እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገና በሁለቱም ተቀበለኝ።

መኪና ውስጥ የተለማመድኩት ነገር ነበረኝ፦ «እርግጠኛ አይደለሁም።» ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ተንበርክኳል። በሚተላለፈው ሰው መሐል፣ ጥቅሉን ግንባሩ ላይ አድርጎ። አንድ ጥበቃ ሊያስነሳው መጣና ምን እንዳየ እንጃ፣ ተመለሰ።

ሲነሳ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ደወለ። በቋንቋቸው ትንሽ አወሩ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ሱሚትራን ያየኋት ያኔ ነው። ከኋላዋ ገና ቀለም ያልነካው አዲስ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ላይ ባዶ መደርደሪያ፤ መደርደሪያው ሥር ነጭ የለበሱ አንዲት አሮጊት፣ እናቷ መሰሉኝ፣ ቁጭ ብለው አፌን ያያሉ።

ሱሚትራ፦ ማሕደር፣ እሷ ናት አይደል?

እኔ፦ እ...