እሳት ያልነካው ጉርሻ

ረፋዱ ላይ ማድቤት ውስጥ የመጀመሪያው ድስት ሲጣድ የኢዘዲን ሩጫ ይጀምራል። መስኮቱን ይዘጋል፣ የበሩን ስር በእርጥብ ፎጣ ይወትፋል፣ ቀዳዳ ባየበት ሁሉ ጋዜጣ ይጠቀጥቃል። ጥቅም የለውም። ቂርቆስ ውስጥ ካሉት የቀበሌ ግቢዎች በአንዱ ነው የሚኖሩት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ማድቤቱ የጋራ። አንዷ ያቁላላችው ሽንኩርት ሁሉም ቤት ይገባል። ይኼኔ ሚስቱ ሪሐና አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ በአንድ እጇ ባልዲዋን ትዳብሳለች።

ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ካዛንቺስ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትኬት ትቆርጥ ነበር፤ ከሥራ ከቀረች ሰነበተች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር የሚያስመልሳት። ከዚያ ምሳም እራትም አልረጋ አለ። ከዚያ ውኃም። አሁን ምንም ሳትቀምስ ቢጫ ሐሞት ነው የምታወጣው። ፊቷ ከስቶ ጉንጯ ገብቷል፤ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገረ ኢዘዲን ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከቶታል።

ለጎረቤት ግን የነገሩት "ጨጓራዋን ነው" ብለው ነው። አምና አንድ ፅንስ ጨንግፎባቸዋል። ያኔ ገና ከመጀመሪያው ለግቢው ሁሉ ተናግረው፣ ስም ሳይቀር ተመርጦ፣ በመጨረሻ እንኳን ደስ አላችሁ ያለው ሰው ሁሉ ሊያጽናናቸው ተመልሶ መጣ። ያን ዳግመኛ ማየት አልፈለጉም። ስለዚያም ሁለቱ አያወሩም። ሪሐና ባልዲው ላይ በተደፋች ቁጥር ግን ኢዘዲን ደም ይኖር እንደሆነ ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ እሷም ማየቱን ታያለች።

የሪሐና እናት ራቢያ የልጃቸውን ነገር በስልክ ሲሰሙ በማግስቱ ከወራቤ ተሳፍረው መጡ። የመጡት ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ በቅመም የተነጠረ ቅቤ ይዘው ነው። ለነፍሰ ጡር ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣላታል? ድካማቸውን እንኳ ሳያወጡ ገንፎ አገነፉ፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤውን አፈሰሱበትና "ቢስሚላህ በይ፣ ልጄ" እያሉ ወደ አልጋው ቀረቡ።

ሪሐና እናቷን ደስ ልታሰኝ ብላ እንደ ምንም ተነሥታ ተቀመጠች። የገንፎው እንፋሎት ፊቷ ላይ ሲደርስ ግን ባልዲው አልደረሰላትም። የእናቷ ቀሚስ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ወለሉ ላይ አስመለሳት። ሆዷ ባዶ ስለነበር መጨረሻ ላይ የወጣው ቀላ ያለ ነገር ነበር።

"እማዬ አውጪልኝ!" ብላ ጮኸች። "ቅቤውን አውጪልኝ! አንቺም ውጪልኝ፣ ትሸቻለሽ!"

ራቢያ ገንፎውን ይዘው ወጡ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ አለቀሱ። "ወልጄ፣ አጥቤ፣ አሳድጌ… ትሸቻለሽ ተባልኩ፣ ኢዘዲን" አሉ። በኢዘዲን ዐይን ላይ የቀረው ያ ቀይ ነገር ነበር።

ታክሲ ጠርቶ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰዳት። ደሙ ከጉሮሮዋ መቁሰል የመጣ ነው፣ ፅንሱ ደህና ነው ተባሉ። ጉልኮስ ተሰቀለላት። ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። ኢዘዲንን ወደ ኮሪደሩ ነጥላ ወሰደችው።

"እንዲህ ከቀጠለች ሆስፒታል መተኛቷ ነው" አለችው። "ሰውነቷ ራሱን እየበላ ነው። እስከ ሐሙስ ልታገሣት። ትንሽም ቢሆን ምግብ ሆዷ ውስጥ መርጋት አለበት።"

"ምን ልስጣት? ያልሞከርኩት የለም እኮ፣ ዶክተር።"

"ትኩስ ነገር ተው፣ ትኩስ ምግብ ይሸታል። ቀዝቃዛ፣ ደረቅ ያለ ነገር፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። አንድ ጉርሻ እንኳ ብትሆን።"

ሲናገሩት ቀላል ነው። ኢዘዲን ሜክሲኮ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ሽቦና አምፖል ያውቃል፣ ሻይ እንኳ ራሱ አፍልቶ አያውቅም። ሪሐናን ደግፎ ሲወጣ እግሯ አልይዝ ስላላት በር አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ። አጠገባቸው አንዲት ሴት ለልጇ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ሪሐና ዐይኗን ገለጠች።

"ኢዙ፣ ልጣጩን ለምንልኝ።"

"ምኑን?"

"ልጣጩን። የብርቱካኑን።"

አንድ ነገር ፈልጋ ስትናገር ከሰማ ስንት ጊዜው! ኢዘዲን ከማያውቃት ሴት የብርቱካን ልጣጭ ለመነ። ሴትየዋ ግር ብሏት ሰጠችው። ሪሐና ልጣጩን በጣቷ አጠፍ አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘችውና በረጅሙ ሳበች። ቤት እስኪገቡ ከእጇ አልጣለችውም።

ያን ዕለት ኢዘዲን ያገኘውን ብርቱካን ሁሉ ገዝቶ ገባ። ጨምቆ ሰጣት። ጭማቂው በባዶ ሆዷ እንደ እሳት ወርዶ እንደ እሳት ተመለሰ፤ የቆሰለው ጉሮሮዋ እየተቃጠለ አለቀሰች። ሽታው ይስማማታል፣ ፈሳሹ ግን አይረጋም። እንግዲህ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፣ ግን የሚታኘክ ነገር መገኘት አለበት። ስልኩ ላይ ሲፈላልግ አንዲት ልጅ ቴምርና ካሹ የሚባል ለውዝ ጨፍልቃ፣ የብርቱካን ልጣጭ ፍቃ ጨምራ፣ የብይ ያህል እያደረገች ስታድቦለብል አየ። ስፖርተኞች ለጉልበት የሚበሉት ነው ትላለች። ምድጃ የለ፣ ዘይት የለ፣ እሳት የለ። ኢዘዲን ቪዲዮውን ደጋግሞ አየው።

ካሹ ስላላገኘ በመጀመሪያ ስታዲየም ጋ ከሚሸጡት ሴቶች ኦቾሎኒ ገዛ። አዲስ የተቆላ፣ ገና ያልበረደ ነበር። ገና በሩን ሲከፍት ሪሐና "ምንድን ነው የያዝከው?" ብላ አፏን ያዘች። ኦቾሎኒው ከነመጠቅለያው ወደ ውጭ ተወረወረ።

በማግስቱ ባምቢስ አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት ያልተቆላ ካሹ አገኘ። ቴምር ለፆም የተገዛ ቤት ውስጥ ነበር። ካሹውን በቤቱ ሙቀጫ ወቀጠው፣ ቴምሩን ፍሬውን አውጥቶ አቦካው፣ ብርቱካኑን በካሮት መፈቅፈቂያ እስከ ሥጋው ድረስ ፋቀው።

ራቢያ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩታል። ልጃቸው ውጪልኝ ካለቻቸው ወዲህ ከደጃፉ አያልፉም። "ወንድ ልጅ ወለል ላይ ተቀምጦ ቴምር ሲያቦካ!" አሉ። "ይኼ የሰው ምግብ ነው ወይስ የሕፃን መጫወቻ?"

ሪሐና አንዱን ተቀበለችው። አሸተተችው። ነከስ አደረገችው። ሁለቴ አኘከችና ፊቷ ተጨማደደ። "ይመራል… ደግሞ ነጭ ሽንኩርት…" ብላ ሳትጨርስ ባልዲው ላይ ተደፋች። ለካስ ሙቀጫው ያለ ነጭ ሽንኩርትና ቅመም ሌላ ነገር አያውቅም፤ እንጨቱ ጠጥቶታል።

ባልዲውን ደፍቶ ሲመለስ ሪሐና ጣሪያውን እያየች ነበር። ድምፅዋ ተረጋግቷል፤ ያስፈራውም እሱ ነው።

"ኢዙ፣ በቃኝ። ይውጣልኝ።"

"ምኑ?"

እጇን ሆዷ ላይ አደረገች እንጂ ስሙን አልጠራችም። "ያኛውም አልቀረልንም። ይኼም የሚቀር አይመስለኝም። ማለቴ… አንድ ቀን ሳያስመልሰኝ ልተኛ። በቃ፣ ከዚያ የፈለገው ይሁን።"

"ሪሁ፣ እንዲህ አትበይ።"

"አንተ አይደለህም የምታስመልሰው።"

ኢዘዲን ወጣ። ቧንቧው ጋ ቆሞ ውኃውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። በገዛ ልጁ እንደ ተናደደ ታወቀው፤ ገና ባልተወለደ፣ እናቱን እየጨረሰ ባለ ልጁ። "ያ ረብ" አለ፣ በንዴቱ ደንግጦ። ልክ በዚያች ሰዓት ከማድቤቱ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ቸስ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሽታውም ተከተለ። እግሩ ወስዶ ማድቤት በር ላይ አቆመው።

"ለአንድ ቀን!" ብሎ ጮኸ። "ለአንድ ቀን እንኳ ሳታቁላሉ መዋል አትችሉም? ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ!"

ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ አልጋነሽ ብቻ ነበሩ። ኢዘዲንን በሕፃንነቱ ትምህርት ቤት ያደረሱት፣ በሕይወቱ ሙሉ ቀና ብሎ ያልተናገራቸው ሴት ናቸው። ማማሰያውን እንደያዙ ዞረው አዩት።

"ምን ሆነሃል፣ ልጄ? ማን ነው የሚሞተው?"

ያኔ ተሰበረ። እንደ ልጅ አለቀሰ። "ነፍሰ ጡር ናት፣ እትዬ አልጋነሽ። ጨጓራ አይደለም። ይኼ ሽታ ነው የሚገለብጣት። ነገ ሐሙስ ነው፣ ሆስፒታል ትገባለች፣ እኔ ምንም… ምንም ማድረግ አልቻልኩም።"

አልጋነሽ ድስቱን ከእሳቱ አወረዱ። "ታዲያ ምነው አትነግረንም?" አሉት፤ ቁጣ ነበረበት። "እኛ እዚህ በሯ ላይ ስናቁላላ! ሰው አይደለንም?" ምድጃቸውን በመሀረብ ይዘው፣ ጓሮውን ዞረው፣ የውጭው በር አጠገብ ወሰዱት። ከዚያ በየቤቱ እያንኳኩ ሲናገሩ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። ኢዘዲን ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀው ነገር ሻይ እንኳ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ ግቢውን አዳረሰ። ቅር አላለውም፤ ቅር ለመሰኘት ጉልበት አልቀረውም።

ወደ ቤት ሲመለስ ራቢያ የሉም። ቅቤውም የለም። "አኩርፈው ሄዱ" ብሎ አሰበ፤ ይኼም ተጨመረበት። ከሰዓት በኋላ ግን በር ላይ ብቅ አሉ። ቅቤውን መርካቶ ላሉ እህታቸው አድርሰው፣ እዚያው ገላቸውን ታጥበው፣ የእህታቸውን ንጹሕ ቀሚስ ለብሰው ነው የመጡት። እጃቸውን ለኢዘዲን ዘረጉለት።

"አሽትተኝ።"

"ምን?"

"አሽትተኝ እንጂ! ቅቤ ቅቤ እላለሁ?"

ኢዘዲን የአማቱን እጅ አሸተተ። ሎሚ ነበር። እስከ ክርናቸው ድረስ በሎሚ አሽተውታል።

"አይሉም፣ እናቴ።"

"እንግዲያው ያን የቴምር ጉድህን አምጣው።" ከተረፈው አንዱን አፋቸው ውስጥ ጣሉ፣ አላመጡ፣ ተፉት። "ነጩን የልጣጩን ክፍል ለምን ነካኸው? መራራው እሱ ነው። ላይ ላዩን ብቻ። ቴምሩም በዛ፤ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ጤነኛውንም ያስመልሰዋል። ሎሚ ይግባበት፣ ጨው ይንካው።"

አብረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሙቀጫውን አልነኩትም፤ ካሹውን ንጹሕ ላስቲክ ውስጥ ከተው በጠርሙስ ዳመጡት። ራቢያ ልጣጩን በጣም በስሱ ፋቁት፤ ቤቱ ብርቱካን ብርቱካን አለ። ኢዘዲን ቴምሩን ከካሹው ጋር አሸ፣ ሎሚ ጠብ አደረገበት፣ እናትየው በሁለት ጣት ጨው ነሰነሱ። ከዚያ አድቦለቦሉት፤ ትልቅ እንዳይሆን፣ ከሽምብራ ከፍ ያለ ብቻ። ፍሪጁ ውስጥ እንዳያስገቡት ፍሪጁ ራሱ ሌላ ሽታ አለው፤ በቆርቆሮ ዕቃ አድርገው ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀመጡት።

ሪሐና ከአልጋዋ ስታያቸው ቆይታለች። እናቷ ቀስ ብለው ሲቀርቡ አፍንጫዋን አልያዘችም።

"እማዬ፣ የማን ቀሚስ ነው?"

"የአክስትሽ። አትሳቂብኝ።"

አልሳቀችም። ድብልብሏን ተቀብላ ምላሷ ላይ አደረገችና ሳታኝክ ይዛት ቆየች። ከዚያ አኘከች። ዋጠች። ሦስቱም ባልዲውን አዩት። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ከውጭው በር ብቻ የአልጋነሽ ድስት ይሰማል፣ ሽታው ግን ወደ መንገዱ ነው የሚሄደው። ሪሐና ዐይኗን ጨፍና ትተነፍስ ነበር። ላብ ግንባሯ ላይ አቸፈቸፈ። አንዴ ጉሮሮዋ ወደ ላይ አለባት፤ እናቷ የብርቱካን ልጣጭ አፍንጫዋ ላይ ያዙላት። ማቅለሽለሹ አለፈላት።

ቆይታ "ሌላ" አለች።

ሦስተኛዋን አስመለሳት። ሁለቱ ግን ቀሩ። ራቢያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ማንም እንዳይሰማቸው ያህል በዝግታ።

ሐሙስ ሆስፒታል መግባቷ አልቀረም። ሁለት ጉርሻ የስንት ሳምንት ረሃብን አይመልስም፤ ዶክተሯም የሽንቷን ውጤት አይታ አስተኛቻት። ኢዘዲን ኮሪደሩ ላይ ሲቆም ያ የአምናው ኮሪደር መሰለው። ሐኪሞቹ በደም ሥሯ ሲሰጧት፣ እሱ ደግሞ በየጠዋቱ ቆርቆሮዋን ይዞ ይመጣ ነበር። ሁሉ ቀን ጥሩ አልነበረም። አንዳንዱ ቀን ምንም አልረጋላትም፣ አንድ ቀን "አትምጣብኝ" ብላ መልሳዋለች። ማስመለሱም በቀላሉ አለቀቃትም፤ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ወራት ፈጅቶ ነው የተዋት። ልጅቷ ከቀኗ ቀደም ብላ፣ ትንሽ ሆና፣ ግን እየጮኸች ተወለደች።

ኢዘዲን ስለዚያ ጊዜ ሰው ሲጠይቀው ግን የሚያወራው ስለ ልደቱ አይደለም። የሚያወራው ሆስፒታል ውስጥ ስላለፈ አንድ ተራ ጠዋት ነው። ሪሐና ትራሱን ተደግፋ ከቆርቆሮዋ አንዱን አንሥታ በላች፣ ሌላም ደገመች፣ ከዚያ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ አየችው።

"ዛሬ ማን ነው የሠራው? እማዬ ናት ወይስ አንተ?"

"እኔ ነኝ። ምነው?"

"ጨው አብዝተሃል።"

ኢዘዲን ወደ መስኮቱ ዞረ። ከሕመም ሌላ የምታማርርበት ነገር አግኝታለች። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና "ነገ እቀንሳለሁ" አላት።