ቀሚስ ያለው የዋና ልብስ

የቀበሌው ሊቀመንበር የዋና ልብሱን ከተጠቀለለበት ጋዜጣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ስምንት ቀን ሙሉ ደርቆ እንኳ የግልገል ጊቤ ወንዝ ጭቃ አልለቀቀውም። ዙሀራ እጇን ወደ ጠርዙ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

"ያውቁታል?" ሲል ጠየቃት።

"አውቀዋለሁ። የልጄ የፈድሊያ ነው።"

ከቀበሌው አዳራሽ በስተግራ፣ አግዳሚው ላይ፣ የስፖርት አስተማሪዋ ሸዋረገጥ በጥበቃ ተይዛ ተቀምጣለች። ፈድሊያ በሰጠመች ማግስት ነበር ያሰሯት። የሰው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ ወንዝ ወስዳ ለሞት ዳርጋለች ተብላለች፤ የእናትየው ቃል ከተመዘገበ በኋላ ወደ አውራጃው እስር ቤት ትተላለፋለች። በስተቀኝ የዙሀራ ሟች ባል ታላቅ ወንድም፣ አባቦራ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን ደግፈው ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ጠዋት አብረው ሲመጡ፣ አልፈቀድኩም ብቻ በይ፣ ሌላ አትጨምሪ ብለዋታል።

ዙሀራ ልብስ ሰፊ ናት። በልጅነቷ ከሰርቦ መጥታ ጅማ ውስጥ የተቀጠረችው ማዳም ፎቲኒ የምትባል ግሪካዊት ስፌት ቤት ነበር። የቡና ነጋዴ ሚስቶች በጋ ላይ ምጽዋ ሲወርዱ የዋና ልብሳቸውን እዚያ ያሰፉ ነበር። ማዳም እየቆረጠች ታወራለች። በእናቷ ዘመን ሴቶች ባሕር የሚገቡት ባለ እጀታ ጥቁር የሱፍ ልብስ ለብሰው፣ እግራቸውን በካልሲ ሸፍነው ነበር። ኋላ እጀታው ቀረ፤ ቀሚሱ ዓመት በዓመት ወደ ላይ ወጣ፤ ሱፉን ናይለን ተካው። በመጨረሻ ከወገብ ላይ ለሁለት የተከፈለው መጣ። ዙሀራ ባሕር አይታ ባታውቅም ይህን ሁሉ በእጇ ሰፍታዋለች። ስፌት ቤቱ በአብዮቱ ተወርሶ ማዳም አገሯ ስትገባ ግን የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ገብታ የሚሊሺያ ሸሚዝ ሰፊ ሆነች።

ስለዚህ ዘንድሮ ሸዋረገጥ ለአውራጃው የዋና ውድድር አምስት ልጃገረዶች መርጣ፣ አንድ አሮጌ የዋና ልብስ ለናሙና ይዛ ስትመጣ ደስ አላት። አራቱን ልክ እንደ ናሙናው ሰፋች። አምስተኛዋ ፈድሊያ ነበረች። አባቦራ የወንድማቸው ልጅ ጭኗን ለሰው እንደማታሳይ ቁርጡን ተናገሩ። ልጅቷ ደግሞ ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። ዙሀራ ሁለቱንም ላለማስቀየም እጀታ ያለው፣ ቀሚሱ እስከ ጉልበት የሚደርስ አድርጋ ሰፋችላት። የማዳም እናትም እንዲህ ለብሳ ነው የዋኘችው አለቻት።

ፈድሊያ ከመጀመሪያው ልምምድ ስትመለስ ልብሱን እየጨመቀች፣ "እማ፣ ውሃ ይጠጣል እኮ" አለች። "እግሬ ላይ ይጠመጠማል።"

"ትለምጂዋለሽ፣ ኢንታለ ኮ፣ ልጄ።"

ሸዋረገጥም ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ መጥታ ቀሚሱን እንድታሳጥረው ለምናታለች። ሦስቱንም ጊዜ እሺ አለቻት፤ መቀሱን ግን አላነሳችም። አባቦራን ፈራች፤ የጎረቤትንም አፍ።

በአራተኛው ልምምድ ቀሚሱ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ግንድ ላይ ተያዘ። ሸዋረገጥ ደጋግማ ጠልቃ አላቀቀቻት፤ ስታወጣት ግን ትንፋሿ የለም። ለቅሶ ቤት ዙሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶች መሀል ሆና የአባቦራን ድምፅ ሰማች። እያለቀሱ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ተሸፍና ነው የወጣችው" ይሉ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ጉርሻ ወደ አፏ ባቀረበች ቁጥር ያ ቃል ይመጣባታል።

ሊቀመንበሩ ጥያቄውን ቀጠለ። "አስተማሪዋ ልጅዎን ስትወስድ ፈቅደው ነበር?"

ዙሀራ አባቦራን አየች። በስምንት ቀን ውስጥ ጎብጠዋል። ፈድሊያን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉ ሰው ናቸው።

"ፈቅጄ ነበር" አለች።

አባቦራ ቀና አሉ።

"ቀሚሱን እንዳሳጥር ሦስት ጊዜ ለምናኛለች። እሺ ብዬ ተውኩት። ልጄን ግንዱ ላይ ያስቀራት እሱ ነው።"

ሸዋረገጥ ከተቀመጠችበት፣ እኔም በዚያ ልብስ እንዳትገባ መከልከል ነበረብኝ አለች። ሊቀመንበሩ ሳትጠየቅ እንዳትናገር አዘዛት። አባቦራ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። በዙሀራ አጠገብ ሲያልፉ አላዩዋትም፤ በሩን ከፍተው ወጡ።

የቀበሌው ጸሐፊ ደምመላሽ ቃሏን ጽፎ ሲጨርስ ሊያነብላት ወረቀቱን አነሳ። እሷ ግን ከእጁ ተቀበለችው። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። አደጋው በልብሱ ርዝመት የተነሳ የደረሰ መሆኑን የሟች እናት አረጋግጠዋል ይላል።

"የሰፋው ሰው ስም የለበትም" አለች።

ደምመላሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አዴ ዙሀራ፣ ተጠያቂ እንዳይሆኑ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የተውኩት። አስተማሪዋ እንደሆነ በዚሁ ትለቀቃለች።"

"ጻፈው።"

ዞሮ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ በአገጩ ወደ ወረቀቱ አመለከተው። ደምመላሽ በሁለት መስመሮች መካከል ባለው ጠባብ ቦታ፣ በእናቷ በወይዘሮ ዙሀራ የተሰፋ ብሎ ጨመረበት። ዙሀራ ያንንም አነበበችና ከሥሩ ፈረመች።