ትርንጎ አልጠጣችም

፩

ነጠቀቻት።

ሕፃኗ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። አያቷ ትርንጎ ታቅፋት ከመደቡ ብድግ አለች። ብድግ ስትል ቤቱ ወደ ግራ ዞረ፣ እግሯ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ትከሻዋ ከግድግዳው ተላተመ። ሌላዋ አያት፣ የአባትየው እናት በለጥሻቸው፣ ዘላ ተነሥታ ልጅቷን ከክንዷ ላይ ነጠቀቻት።

አራሷ ማስተዋል ከአልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ጠጥተሻል?»

፪

ቁጥር የሰጠሁት ለጌጥ አይደለም። ትርንጎን ሰካራም ያደረጓት በመስመር በተደረደረ ወረቀት ነው፤ እኔም በቁጥር ደርድሬ ስሟን አስመልሳለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ልጅ አዝዬ ነው የለቀምኩት። ስሕተት ያገኘ ሰው ዝም ብሎ ይለፍ። እኔ ግን ያገኘሁትን ስሕተት ዝም ብዬ አላልፍም።

፫

ትርንጎ አርባ ዓመት አረቄ አውጥታለች። ጌሾውን የምትወቅጥ እሷ፣ የጋኑን አፍ የምትመርግ እሷ፣ እሳቱን የምትጠብቅ እሷ።

አንድ ጠብታ በአፏ አልዞረም።

«ሳትቀምሺ እንዴት ታውቂዋለሽ?» ይሏታል። ከብርጭቆው ጫፍ ትንሽ ወደ ምድጃው ትረጫለች። ቦግ ብሎ ከነደደ ደርሷል፤ ጭጭ ካለ ተመልሶ ወደ ጋኑ። «ምላስ ይዋሻል፤ እሳት አይዋሽም» ባይ ናት። አባቷ ከገበያ ሰክሮ ሲመለስ ወንዝ የወሰደው ሰው ነው። ታዲያ ለምን ታወጪዋለሽ ያላት አንድ ቄስ ነበር። «አባቴ፣ ልጄን እርስዎ ያበሉልኛል?» ብላ መለሰችለት። ባርኳት ሄደ።

ጨው ነጋዴ ጨው አይልስም ብሎ የሚያምን ከተማ የለም። የኛም አላመነም።

፬

ያሉት።

በለጥሻቸው፦ «አርባ ዓመት እሳት ዳር ተቀምጦ የማይሞቀው ማን ነው?»

ቦኖ ውሃ ላይ፣ አንዷ ለአንዷ፦ «ምላሷም ተሳስሯል አሉ። ሰላምታዋን እንኳ ሰምቼ አልገባኝም።»

ከደንበኞቿ አንዱ፣ ራሱ እየተንገዳገደ፦ «እትዬ ትርንጎ ዛሬስ ቀደሙኝ!»

ማስተዋል፦



የሕፃኗን ጨርቅ ሰበሰበች፣ አንሶላዋን አጠፈች፣ ወደ ባሏ እናት ቤት ሄደች።

በልማዳችን የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት በእናቷ ቤት ነው የምትታረሰው። አራስ ከእናቷ ቤት ወጥታ ስትሄድ ያየ ሰው፣ እናትየዋ ሞታለች ወይ አብዳለች ብሎ ይጠይቃል። ትርንጎ አልሞተችም። በር ላይ ቆማ፣ መቃኑን ይዛ፣ ስትሄድ አየቻት። መቃኑን የያዘችው እንዳትወድቅ ነው። ያየ ሁሉ ግን ሌላ ነገር አየ።

፭

በአራተኛው ቀን ማስተዋል ተመልሳ መጣችና እናቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ወረቀቱ ይኸውላችሁ።

ስም፦ ትርንጎ ድልነሳሁ
ዕድሜ፦ 63 በግምት*
ሥራ፦ አረቄ
ለምን ያህል ጊዜ፦ 40 ዓመት
ሕመም፦ መንገዳገድ፣ ማስታወክ፣ የምላስ መተሳሰር
የተሰጠ ምክር፦ መጠጥ ታቁም
ፊርማ፦ (የጣት አሻራ)

* ግምቱ የጸሐፊው ነው። ትርንጎ የተወለደችበትን ዓመትና ወር ታውቃለች። ማን ጠየቃት?

እንዲህ ነው የሆነው። ካርድ ክፍል ያለው ጸሐፊ «ሥራ?» አላት። «አረቄ አወጣለሁ» አለችው፤ ቀና ብላ ነው ያለችው። «ስንት ዓመት?» «አርባ።» አረቄ ብሎ ጻፈ፤ አርባ ብሎ ጻፈ። ማውጣቷን አልጻፈም፤ ቦታው ጠባብ ነበር። ከማዶ ክፍል የተቀመጠው ባለሙያ ወረቀቱን አነበበ። ወረቀቱን እንጂ ሴትዮዋን አላየም። ከዚያ «እዚህ ላይ አሻራዎን» አላት።

አውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ።

ሁለት ጊዜ!

በጤና የነበረች ሴት ጣቷ ከወረቀት ላይ ሲያመልጣት አይቶ «ለምን?» የማይል ሰው፣ ነጭ ልብሱን አውልቆ በግ ይጠብቅ እንዳልል በጉ ያሳዝነኛል።

ትርንጎ ማንበብ አትችልም። በገዛ ጣቷ «ሰካራም ነኝ» ብላ ፈረመች። ማንበብ የምትችለው ልጇ ናት። ውጪ፣ በሩ ላይ፣ ቆማ አነበበችው።

«እስክትተዪ ድረስ ልጄን አትነኪም» አለቻት።

፮

እስቲ እናንተ ተነሡ።

ዓይናችሁን ጨፍኑ።

ክንዳችሁን ዘርጉና በአንድ ጣት አፍንጫችሁን ንኩ።

ነካችሁ?

አፍንጫችሁ የት እንዳለ ለጣታችሁ ማን ነገረው? ክንዳችሁን «በቃ፣ እዚህ ቁም» ያለው ማነው? አንድ ቀን አመስግናችሁት ታውቃላችሁ?

ተቀመጡ።

፯

ያሉት።

ትርንጎ ጋኖቿን ገለበጠች። ድፍድፉን ለጎረቤት ላሞች ሰጠች፤ ምድጃውን አጠፋች። ሃያ ቀን ሙሉ በቤቷ የአረቄ ሽታ አልነበረም። አሁንም ስትራመድ መንገዱ ይጠብባታል።

ቦኖ ውሃ ላይ፦ «ደብቃ ነው።»

በለጥሻቸው፦ «እኔ እንኳ ጸበል ብትጠመቅ ባይ ነኝ።»

ያ ደንበኛዋ፣ ተከፍቶ፦ «ራሷ ጨረሰችው ማለት ነው።»

፰

ትልቁ ሆስፒታል በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው። ብቻዋን ሄደች። እዚያ ያገኘቻት ሐኪም የልጇ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። የተባባሉትን ትርንጎ ራሷ እንደነገረችኝ ነው የማስቀምጠው።

ሐኪሟ፦ እማማ፣ ጣቴን ይንኩ። አሁን ደግሞ አፍንጫዎን።

ትርንጎ፦ (ጉንጯን ነካች።)

ሐኪሟ፦ እንደገና።

ትርንጎ፦ (ዓይኗን ልታጠፋ ምንም አልቀራት።) አልጠጣሁም!

ሐኪሟ፦ ጠጥተዋል አልኩ?

ትርንጎ፦ ወረቀቱ ብሏል።

ሐኪሟ፦ ወረቀቱን ገና አላየሁትም። እርስዎን ነው የማየው።

ትርንጎ፦ ጎሽ። ዓይን ያለው ሰው ካገሩ አላለቀማ።

ጭንቅላቷን በመሣሪያ ፎቶ አነሡት። ሐኪሟ ምስሉን ብርሃን ላይ አድርጋ በእስክሪብቶ ጠቆመች።

ሐኪሟ፦ ይኼ ትልቁ አንጎል ነው። ከበታቹ፣ ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ ትንሹ አንጎል። በአንድ ጎኑ የደም ሥር ተዘግቶ ያ ጎን ሞቷል።

ትርንጎ፦ ምን ይሠራልኝ ነበር?

ሐኪሟ፦ ትልቁ አንጎል «ብርጭቆውን አንሣ» ይላል። ክንድ ምን ያህል እንደሚዘረጋ፣ ጣት ምን ያህል እንደሚጨብጥ፣ የት ላይ እንደሚቆም የሚያስተካክለው ግን ትንሹ ነው። ሲራመዱም፣ ሲናገሩም እንደዚያው። መጠጥም ሰውን የሚያንገዳግደው ይህንኑ ቦታ አውኮ ነው። ሰው የተሳሳተው ለዚህ ነው።

ትርንጎ፦ እሳት ጠባቂ በይኛ! እንጨቱን ሌላ ያምጣው፣ ጋኑን ሌላ ይጣደው፤ እሳቱን ቀነስ ጨመር የምታደርግ ከሌለች የሚወጣው ያረረ ነገር ነው። እና እሷን ነው «ትንሹ» ያላችኋት?

ሐኪሟ፦ ስሙ ነው እማማ።

ትርንጎ፦ ስሙን ያወጣው ወንድ መሆን አለበት።

ሐኪሟ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ሌላውን ነገረቻት። የቀረው ክፍል በልምምድ ሥራውን ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። በተለይ ግራ እጅዎን አይመኑት። ትኩስ ነገር፣ ከባድ ነገር፣ ቢወድቅ የሚጎዳ ነገር ብቻዎን እንዳያነሡ።

ትርንጎ ይህን የመጨረሻውን ሰማች። አውቶቡስ ውስጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ሰማችው። ለማንም አልተናገረችም።

፱

ሕፃኗ ሁለት ወር ሞልቷታል። ትርንጎ ከዘራ ይዛ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በጉያዋ ይዛ፣ በለጥሻቸው ቤት ገባች። ቀን መርጣ ነው፤ ቤቱ በጠያቂ ሴቶች ሞልቷል።

«አንብቢው» አለቻት ማስተዋልን። «ጮክ ብለሽ። ያኛውንም አንብበሽልኝ የለ?»

ማስተዋል አነበበች። የትንሹ አንጎል ጉዳት የሚለው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። «ጮክ በይ!» አለቻት እናቷ። «ሕመምተኛዋ መጠጥ ተጠቅመው አያውቁም» የሚለው ላይ ስትደርስ አለቀሰች።

«እኔማ ከመጀመሪያውም ሕመም ነው ብዬ ነበር» አለች በለጥሻቸው።

«አንቺ ያልሽውን የቦኖው ውሃ እንኳ በቃሉ ይዞታል» አለች ትርንጎ።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን ለመደበቅ ሳለች።

ማስተዋል እናቷ እግር ሥር ወደቀች። «እማዬ ይቅር በይኝ።»

«ተነሺ። ፊደሉን የቆጠርሽው በዚያ አረቄ ነው። ቆጠርሽ ቆጠርሽና በመጨረሻ ያነበብሽው እኔን ሰካራም ብለሽ ነው! ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ስትኖሪ አንድ ቀን አፌ ሸቶሽ ያውቃል? ወረቀቱን አመንሽ። እኔ እናትሽ መሆኔን ማን በወረቀት ጽፎልሽ ነው ያመንሽው?»



እኔም እዚያ ነበርኩ። እውነት ለመናገር፣ ቦኖ ውሃ ላይ «ሰላምታዋ አልገባኝም» ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳደቡ። ይገባኛል።

፲

ማስተዋል ዓይኗን ጠረገች። አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን አነሣች፤ ወደ እናቷ ዘረጋቻት።

«እንኪ እማዬ። ያዣት።»

ትርንጎ ሕፃኗ ከተነጠቀችባት ቀን ጀምሮ ይህንን ነው የለመነችው። በሕልሟ ይህንን ነው ያየችው። ይህንን ልትሰማ ነው ግማሽ ቀን ሄዳ ግማሽ ቀን የተመለሰችው።

ሴቶቹ ያያሉ። በለጥሻቸው ታያለች። እጇን ብትሰበስብ «ራሷም ታውቀዋለች» የሚል አይጠፋም፤ የተመለሰው ስም ከደጃፉ ሳይወጣ እንደገና ይሄዳል።

የሕፃኗ አንገት ገና በደንብ አልጸናም።

ግራ እጇ በነጠላዋ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ይህን የምታውቀው ትርንጎ ብቻ ናት።

«ያዣት እንጂ እማዬ። አኮረፍሽ?»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። በሕይወቷ ሙሉ ለማንም ብላው የማታውቀው ቃል ነው የመጣባት። የሚከብደው ምላሷ አልነበረም።

«ማስተዋል፣ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ። ልጄ፣ እኔ ብቻዬን አልችልም። አብረን እንያዛት።»