ስም ያወጡልን ዕለት

መምህርቷ መስማት የተሳናት ናት። እናቷ ቤት፣ ጓሮ ባለችው ክፍል፣ እንደሷ የማይሰሙ ልጆችን በምልክት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ታስተምራለች። ልጆቹ ሲበዙና ክፍሏ ስትጠብ ሥራው ድርጅት ሆኖ ይመዝገብ ተባለ። ለመመዝገብ ስም ያስፈልጋል። የኮሚቴው አባላት ስም ሊያወጡ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ታናሽ ወንድሟም ሊያስተረጉምላት አጠገቧ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «እኔ አስቤበት መጥቻለሁ» አሉ። «‹ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ› እንበለው። ልብ ይነካል።»

ሌሎቹ አጨበጨቡ። ወንድሟ በእጁ ሲነግራት ደሟ ፈላ።

«የማንን ልብ?» አለች በእጆቿ። «ልጆቼ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። እሳቸው ግን ከሚያወሩት አንዷም ቃል አትገባቸውም። ታዲያ ድምፅ የሌለው ማነው?»

ወንድሟ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ስሙ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ቢታሰብበት ትላለች።»

ከንፈሩን እያየች ነበር። ክንዱን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«እንደዛ አላልኩም።»

«እታለም፣ ትልቅ ሰው ናቸው እኮ። ቢቀየሙንስ?»

«እኔ ስቀየምስ?»

በሩን ተደግፋ የምታያቸው እናታቸው ጣልቃ ገባች። «አንተ ልጅ፣ ያለችውን ሳታጎድል ተናገርላት።»

ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ቃል በቃል ተናገረ።

«ለእናንተ ብዬ ደፋ ቀና ባልኩ እንዲህ ልባል?» አሉ ሰብሳቢው።

«የሰደበዎት የለም» አለች፤ ወንድሟ አሁን ምንም ሳያለሳልስ ተከተላት። «በር ላይ የሚሰቀል ስም ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ፣ እዚህ ምን እንደሚሠራ አንብባ ትወቅ። ታልቅስ ብለን አይደለም የምንሰቅለው። ‹በምልክት ቋንቋ እንማር› ይባል።»

«ደረቅ አለ» አሉ ሰብሳቢው።

«ይድረቅ።»

ሂሳብ ያዥዋ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «እኔ ይሄኛው ገብቶኛል» አለች። ሌሎቹም እየተያዩ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሰዉ ሲሄድ ወንድሟ፣ «ይኸው ያልሽው ሆነ። አሁንም ፊትሽ አልተፈታም?» አላት።

«እስከ ዛሬ ስንት ቦታ ነው እንዲህ ስታለሳልስልኝ የኖርከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ብርጭቆዎቹን እያጋጨች መሰብሰብ ጀመረች። ድምፁ ለእሷ ባይሰማም፣ እናቷ ከማድ ቤት፣ «ኧረ ቀስ በይ» አለች፤ ልጇ እንደማትሰማት ረስታ።